«ማስተካከል» ስንት ሥራ ይሸከማል? ስለ ውልብልቢት ማቅናትና ሚዛን ማስያዝ ቃላት

ባለፈው ክረምት ለቃላት ጥናት ሐረር በቆየሁበት ጊዜ፣ ቀድሞ ተማሪዬ የነበረና አሁን በዚያው ከተማ ሙያ የሚያስተምር አንድ ተርጓሚ አራት ገጽ ጽሑፍ እንድመለከትለት ሰጠኝ። ጽሑፉ በገዛ እጁ አነስተኛ አይሮፕላን ለመሥራት ለተነሣ አንድ የሠፈሩ ወጣት የተተረጎመ መመሪያ ነው። የሚናገረውም ከእንጨት የተሠራን ውልብልቢት በሞተር ዘንግ ላይ ስለ መግጠም፣ ስለ ማቅናትና ሚዛን ስለ ማስያዝ ነው። አማርኛው ጆሮን የሚጎረብጥ አልነበረም፤ ሰዋስዉም የተጠበቀ ነው። ነገር ግን በአራቱ ገጽ ውስጥ «አስተካክል» የሚለው ትእዛዝ አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል። ከእንግሊዝኛው ጋር ባስተያየው፣ ይኸው አንድ ቃል በአምስት ልዩ ልዩ ግሦች ቦታ የገባ ሆኖ አገኘሁት።

ይህን ስነግረው ተርጓሚው ጥቂት አሰበና፣ «ታዲያ ዶክተር፣ ሁሉም ማስተካከል አይደለም እንዴ?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በተጠየቀበት ሰዓት አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ለእርሱ የዘገየ መልስ ነው።

አስቀድሞ ጉዳዩ የቃል ማሳመር ጉዳይ አለመሆኑን መግለጽ ይገባል። የአንድ ትንሽ አይሮፕላን ውልብልቢት በደቂቃ 2500 ጊዜ፣ ማለትም በሴኮንድ ከ41 ጊዜ በላይ ይዞራል። ከመሐሉ 75 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ አንደኛው ወገን በ10 ግራም ብቻ ቢበልጥ፣ ያ ትርፍ በዚህ ፍጥነት ሲዞር ዘንጉን ወደ ውጭ የሚጎትትበት ኃይል ከ50 ኪሎ ግራም ክብደት ያልፋል፤ የግማሽ ኩንታል ቡና ሸክም ማለት ነው። ይህም ጉተታ ባንድ አቅጣጫ የሚቆም አይደለም። ከውልብልቢቱ ጋር አብሮ እየዞረ ሞተሩን፣ የሞተሩን መቀመጫና ብሎኖቹን በየዙሩ ይነቀንቃል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ያድጋል። እንግዲህ መመሪያ አንባቢው «አስተካክል» የሚለውን ቃል አንድ ነገር ለማድረግ ተረድቶ ሌላ ቢያደርግ፣ ስሕተቱ የሚገለጠው በወረቀት ላይ አይደለም።

ሥራው ለአገራችን እንግዳ የሆነ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። አይሮፕላን በኢትዮጵያ ሰማይ ከታየ፣ ይኸውም የመጀመሪያው አይሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ፣ ሰባት ዓመት ሳይሞላ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ «ፀሐይ» የተባለችውን አይሮፕላን በአገር ውስጥ ሠርቶ፣ በ1928 ዓ.ም. መባቻ ወራት ለበረራ አብቅቷታል። ጣሊያኖች ወስደዋት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በሙዚየማቸው ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። በኛው ዘመን ደግሞ አስመላሽ ዘፈሩ «ኬ-570ኤ» ያላትን አይሮፕላን በቮልስዋገን ሞተር እንድትንቀሳቀስ አድርጎ ሠርቶ፣ በሰኔ 2007 ዓ.ም. ያደረገው የመብረር ሙከራ ባይሳካም ወሬው በዓለም ጋዜጦች ተሰምቷል። በቤቱ ጓሮ አይሮፕላን የሚሠራ ሰው በትልቅ አየር መንገድ እንደሚሠራ መካኒክ በእንግሊዝኛ የሠለጠነ፣ ሲቸግረውም የሚጠይቀው አለቃ ያለው አይደለም። የሚመራው ባገኘው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ የቃሉ ዕዳ ከሁሉ ይልቅ በእርሱ ላይ ይከብዳል።

ወደ ቃሉ እንመለስ። «አስተካከለ» የሚወጣው ከ«ተካከለ» ነው፤ «እኩል»፣ «ትክክል»፣ «አቻ ለአቻ» ከምንልበት የሐሳብ መስክ ውስጥ ይገኛል። እኩልነት ደግሞ ሁልጊዜ «በምን?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል፤ በርዝመት፣ በክብደት፣ በከፍታ ወይስ በዝንባሌ? በዕለታዊ ንግግር ይህን የሚሞላው ሁኔታው ነው። «ነጠላሽን አስተካክዪ» የተባለች ሴት ምን እንደምታደርግ ታውቃለች። በመመሪያ ላይ ግን ሁኔታውን የሚሞላ የለም። ከጊዜ ብዛትም «አስተካከለ» የእኩልነት ፍቺውን እንኳ እየለቀቀ «አበጀ፣ አሳመረ፣ ጠገነ» ወደ ማለት ሄዷል። ቃል ሁሉን የሚችል ሲሆን ምንም አይችልም የሚባልበት አጋጣሚ ይህ ነው።

ነገሩን በመላ ምት ከመወሰን ይልቅ በባለሙያ ጆሮ መፈተን መረጥን። ከተርጓሚው ጋር ሆነን ከጁገል ግንብ ውጭ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት አናጢ ዘንድ ሄድን። ወጣቱም ከስስ ጣውላዎች በኮላ አጣብቆ የጠረበውን፣ ገና ያልተገጠመ ውልብልቢት ይዞ ተከተለን። አናጢው ስለ አይሮፕላን አያውቁም፤ የፈለግነውም ይህንኑ ነበር። ተርጓሚው የመጀመሪያውን ትእዛዝ አነበበላቸው፤ «ውልብልቢቱን አስተካክል» ይላል። አናጢው ከመሐለኛው ቀዳዳ ጀምረው ወደ ሁለቱ ጫፍ በሲባጎ ለኩ፤ መልሰውም ለኩ። «ትክክል ነው፤ ምኑን ላስተካክለው?» አሉ። ተርጓሚው ሁለተኛውን አነበበ፤ «የሁለቱን ክንፍ ጫፍ አስተካክል»። አናጢው መጋዛቸውን አነሡና፣ «ከየትኛው ልቁረጥ?» ብለው ጠየቁ።

ወጣቱ ደንግጦ እንጨቱን ያዘ። በእንግሊዝኛው ያለው ትእዛዝ ጫፎቹ ሲዞሩ ባንድ መንገድ ማለፋቸው እንዲረጋገጥ እንጂ አንዳች ነገር እንዲቆረጥ የሚያዝ አልነበረም። አናጢው ግን አልተሳሳቱም። በአናጢ አማርኛ ጫፍ ማስተካከል ማለት መቁረጥ ነውና የተባሉትን ሊያደርጉ ተነሡ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ለጥናታችን ዋናው ሆነ። አናጢው ነገሩ ስለ ገረማቸው በእንጨቱ ቀዳዳ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ አሳለፉና ዘንጉን በሁለት ወንበሮች ጠርዝ ላይ አሳረፉት። ውልብልቢቱ አግድም ሆኖ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያም አንደኛው ወገን ቀስ ብሎ ወረደ። አናጢውም ሳይጠየቁ፣ «ልኩስ እኩል ነው፤ ይህኛው ግን ይደፋል» አሉ። እኛ በአራት ገጽ ያጣነውን ልዩነት እርሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀመጡት። ልክ ሌላ፣ ሚዛን ሌላ ነው። ከሚዛንም ወገን የጎደለውን ነገር የሚገልጸው ግሥ «ደፋ» ነው። «ሚዛን የሚደፋ ነገር» የምንለው ዘይቤ ምንጩ ይህ ሲሆን፣ ዘይቤው ስለ ተለመደ የግሡን ተጨባጭ ፍቺ ረስተነዋል።

ለክብደት መበላለጥ እንግዲህ ከግእዝም ከአማርኛም በቂ ሀብት አለን። በግእዝ «ደለወ» መዘነ፣ «መዳልው» ሚዛን ማለት ነው። አማርኛ ከዚሁ ሥር የወረሰው «አደላ» እና «አድልዎ» ወደ ፍርድና ወደ ሥነ ምግባር አዘንብሎ ቀረ እንጂ መጀመሪያው የሚዛን ክንድ ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉ ነው። «የውልብልቢት አድልዎ» የሚል ስያሜ ለአንድ አፍታ አጓጉቶኝ ነበር። ነገር ግን አንባቢው ፈገግ ማለቱ አይቀርምና ተውኩት። «የሚደፋ ወገን» እና «የሚቀል ወገን» ማለት ለሥራው ይበቃል።

«ማመጣጠን»ስ? ብዙ ተርጓሚዎች ባላንስ ለሚለው ቃል የሚመርጡት ይህንን ነው፤ «የተመጣጠነ ምግብ» ስለ ተለመደ ይመስለኛል። ግሡ ከ«መጠን» የወጣ ስለ ሆነ ሰውን ወደ መጠን፣ ማለትም ወደ ስፋትና ርዝመት ይመራዋል። በአናጢው ዘንድ ይህንንም ሞክረነዋል፤ ሲባጎአቸውን ነው ያነሡት። ስለዚህ «ሚዛን ማስያዝ» የሚለው ይሻላል። ሆኖም እዚህም ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሚዛን ማስያዝ ሁለቱን ወገን እኩል ኪሎ ማድረግ አይደለም። ክብደቱ በዘንጉ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተተውን ባለ አንድ ጎን ሚዛን ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ትንሽ ክብደት ከመሐል ርቆ ሲቀመጥ በመሐሉ አጠገብ ያለውን ትልቅ ክብደት ያነሣል። በውልብልቢትም ላይ የሚቆጠረው ክብደቱ ከርቀቱ ጋር ተባዝቶ ነው። መመሪያው ሁለቱን ወገን ቆርጦ በየሚዛኑ የሚያስቀምጥ ሰው እንዳያፈራ ይህ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል።

የወገኖቹ ስምም ራሱን የቻለ ችግር ነው። «ክንፍ» ቢባል ከአይሮፕላኑ ክንፍ ጋር ይጋጫል፤ «ክንፉን በእጅህ አዙር» የሚል ትእዛዝ ምን ሊያስከትል እንደሚችል አንባቢ ይገምት። «ምላጭ» የሚሉ አሉ፤ ይህ እንግሊዝኛው ስለትንም የውልብልቢትን ወገንም ባንድ ቃል ስለሚጠራ የመጣ ግልባጭ ነው፤ ለእኛ ጢም ከመላጨት የዘለለ ነገር አይነግረንም። «መቅዘፊያ» መልካም ምሳሌ አለው፤ ውልብልቢት አየርን የሚቀዝፍ ነውና። እኔ ግን «ክንድ»ን እመርጣለሁ። አጭር ነው፣ ከሚዛን ክንድ ጋር ይዛመዳል፣ ሁለትም ሦስትም ቢሆን ለመቁጠር ይመቻል። ክንዶቹ የሚገናኙበትና በዘንጉ ላይ የሚቀመጠው መሐል «እምብርት» ይባል። «ውልብልቢት» ለጠቅላላው ነገር ይቅር። «ውልብ አለ» ከሚለው፣ ለዐይን ታይቶ ከሚጠፋ ነገር ድንገተኛ እይታ የወጣ ስለ ሆነ፣ ሲዞር ለማየት እንጂ ቆሞ ለመመርመር የተሰጠ ስም አይመስልም፤ ግን ተለምዷል፣ ያማረም ነው።

አናጢው በወንበር ጠርዝ ያደረጉት ነገር በመሠረቱ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ዘዴ ነው። ሁለት ስለታም የብረት ጠርዞች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ በውሃ ልክ ይመዘናሉ፤ ክፍሉ ነፋስ የማይገባበት መሆን አለበት። በእምብርቱ ቀዳዳ የገባው ዘንግ በጠርዞቹ ላይ ያርፋል። ውልብልቢቱ መጀመሪያ አግድም፣ ከዚያም ቀጥ ብሎ ቁልቁል ይቆማል። በሁለቱም አቋም ካልተንቀሳቀሰ ሚዛኑን ይዟል። አግድም ሆኖ ከደፋ በሚቀለው ክንድ ጫፍ ወገን ላይ ቫርኒሽ በተደራቢ ይቀባል፣ ወይም ጫፉን በሸፈነው ቆርቆሮ ላይ ቆርቆሮ ማጣበቂያ ብረት ቀልጦ ይጨመርበታል። ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደ ጎን ከደፋ ግን ጥፋቱ በእምብርቱ ዙሪያ ነውና በሚቀለው ጎን ትንሽ የነሐስ ቁራጭ ይታሰራል። እነዚህን ሁለት ፈተናዎች የተርጓሚው ጽሑፍ «ባግድምና በቁመት አስተካክል» ብሎ አልፏቸዋል፤ አንባቢ ከዚህ ስለ ርዝመትና ስለ ወርድ ይረዳል እንጂ ስለ አቋም አይረዳም። «አግድም አቁመህ» እና «ቀጥ አድርገህ አቁመህ» ብንል ግን ይለያል።

ይህ እንጨቱ ቆሞ ሳለ የሚያዘው ሚዛን ነው። ሲዞር የሚጠበቅበት ሌላ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት «ስታቲክ» እና «ዳይናሚክ» ተብለው የሚጠሩት ሁለቱ ማለት ነው። የመጀመሪያውን «ቋሚ ሚዛን» የሚሉ አሉ፤ «ቋሚ» የማይለወጥ የሚልም ፍቺ ስላለው አንዴ ከተያዘ ለዘላለም የሚኖር ያስመስላል። «የዕረፍት ሚዛን» ቢባል ይሻላል። ለሁለተኛው «የዙረት ሚዛን» ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። ዙረት ግን በአማርኛችን ሥራ ፈቶ በየሰው ቤት መንከራተት ስለ ሆነ ለውልብልቢት ስድብ ይሆናል። «የዙር ሚዛን» ይበቃዋል። ልዩነቱን ለማስረዳት ከእንዝርት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። እናቶቻችን ሲፈትሉ፣ በእንዝርቱ ላይ የተሰካው ክብ ትንሽ ካዘነበለ፣ እንዝርቱ በእጅ ሲያዝ ምንም የማይታወቅበት ሆኖ ሳለ ሲሽከረከር ይዋልላል። በውልብልቢትም አንዱ ክንድ ትርፉን ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ቢይዝ፣ በስለት ጠርዝ ላይ ሚዛኑን ጠብቆ የቆመው እንጨት በሞተር ሲዞር ይነቀንቃል። ስስ በሆነ ባለ ሁለት ክንድ ውልብልቢት ላይ ይህ ጥፋት ትንሽ ነው፤ ስለዚህ በቤቱ የሚሠራ ሰው በብዛት በዕረፍት ሚዛን ይጀምራል። የዙር ሚዛን የሚለካው ግን ውልብልቢቱ በአይሮፕላኑ ላይ ተገጥሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ንዝረትን በሚመዘግብና የክንዱን ማለፍ በብርሃን በሚያይ መሣሪያ ነው።

«ንዝረት» የሚለው ቃል በመማሪያ መጻሕፍት ሥር ሰድዷል። በሕዝብ አፍ «ነዘረ» ሰውን ኮረንቲ ሲይዘው፣ ቁስልም ሲጠዘጥዘው የሚባል ነው፤ ቢሆንም ቃሉ ተከብሮ ቆይቷልና አይነካ። ከአናጢው ቤት ተመልሰን በጁገል ውስጥ በመኪና ግርግር ስናልፍ ግን ተርጓሚው ቆም ብሎ፣ «ሕዝቡ እኮ ለመኪና ነውጥ ስም አውጥቶ መንገድ ሰይሞበታል» አለኝ። እውነቱን ነው። የልብስ ሰፊዎቹ የእግር መኪናዎች ድምፅ የመንገዱ ስም ሆኗል። «ግርግር»ን ለንዝረት እንውሰድ ማለቱ ግን አይሆንም፤ በአማርኛ የሰው ሁካታ ማለት ሆኖ ስለ ቀረ፣ «ሞተሩ ግርግር ፈጠረ» ቢባል ፖሊስ የሚጠራ ይመስላል። ነገር ግን ድምፅን አድምጦ ስም የማውጣት ልማድ ለቃላት ሠሪ ትልቅ ትምህርት ነው።

በዚሁ በንዝረት ረገድ ተርጓሚው ያደረገውን አንድ ነገር ልጥቀስ። መሣሪያው ንዝረቱን የሚገልጸው «ኢንች በሴኮንድ» ብሎ ነው። ተርጓሚው ይህን የኅትመት ስሕተት መስሎት «በሴኮንድ» የሚለውን ሠርዞ «ኢንች» ብቻ አስቀርቷል። መሣሪያው የሚለካው ግን የተናወጠው አካል የሄደበትን ርቀት ሳይሆን በምን ፍጥነት እንደ ተመላለሰ ነው። አንድ ቃል በመሰረዙ ልኬቱ ከፍጥነት ወደ ርቀት ተለወጠ፤ አሥረኛ ኢንች ወዲያና ወዲህ የሚናወጥ ሞተርም «ደኅና» ተባለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ማቅናት እንምጣ። ውልብልቢቱ ሚዛኑን ቢይዝም በዘንጉ ላይ ጠማማ ሆኖ ከተቀመጠ ዋጋ የለውም። የእምብርቱ ገጽ ለዘንጉ ቀጤ ነክ መሆን አለበት፤ አናጢ በስኳድራ የሚያየው ማለት ነው። «አቀና» ለዚህ የተፈጠረ ግሥ ነው። ጠማማውን ቀጥ ማድረግ፣ መስመሩን ማስያዝ ማለት ነው፤ ስለ ክብደትም ስለ ርዝመትም ምንም አይናገርም። «አላይመንት» የሚሉት ጋራዦችም ቢሆኑ ለደንበኛ ሲያስረዱ «እናቅናልህ» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። እዚህ ላይ የቁጥሩ ነገር ያስገርማል። እምብርቱ ከመሐሉ 6 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢያዘነብል፣ 75 ሳንቲ ሜትር በሚርዘመው ክንድ ጫፍ ላይ ጥመቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ያልፋል። አንደኛው ክንድ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል የሁለቱ ጫፎች መንገድ በ12 ሚሊ ሜትር ተኩል ይለያያል። በእምብርቱና በመቀመጫው መካከል የተረሳ ፍቅፋቂ ይህን ያደርጋል።

ይህ የጫፎች መንገድ መለያየት ነው እንግዲህ አናጢውን መጋዝ ያስነሣቸው። በአየር መንገድ ጥገና ክፍል «ትራኪንግ» ይሉታል። እኔ «ዱካ» እለዋለሁ። ቃሉ ከእንግሊዝኛው ምስል ጋር መግጠሙ አልጠፋኝም፤ ነገር ግን የኋለኛው አጋሰስ የፊተኛውን ዱካ እየረገጠ ሲሄድ ያየ ሁሉ ሁለተኛው ክንድ የመጀመሪያውን ዱካ መርገጥ አለበት ቢባል ይገባዋል። ፈተናውም ቀላል ነው። አይሮፕላኑ እንዳይንቀሳቀስ በመንኮራኩሮቹ ሥር ሽብልቅ ይደረጋል። የሞተሩ እሳት ይቋረጣል፤ ካንዴላዎቹም ይወጣሉ፤ ይህም ሞተሩ በእጅ ሲዞር እንዳይነሣ ነው። አንደኛው ክንድ ወደ መሬት እንዲያመለክት ተደርጎ በጫፉ አጠገብ፣ ሊነካው ጥቂት ሲቀረው፣ የማይነቃነቅ ከባድ ግንድ ይቆማል። ከዚያ ውልብልቢቱ በእጅ ቀስ ብሎ ይዞርና ሁለተኛው ክንድ በዚያው ነጥብ ማለፉ ይታያል። ርዝመቱ እስከ 1.8 ሜትር ለሚደርስ የእንጨት ውልብልቢት የሚፈቀደው ልዩነት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ለብረት የዚህ ግማሽ። ከዚህ ካለፈ የሚመረመረው የእምብርቱ መቀመጫና የብሎኖቹ አጠባበቅ ነው፤ ካስፈለገም ስስ ሽብልቅ ይገባል። መጋዝ በዚህ ሥራ ውስጥ ቦታ የለውም። «በእጅ» የሚለው ቃልም ከዚህ ዓረፍተ ነገር ፈጽሞ አይቅር፤ «ውልብልቢቱን አዙር» ብቻ ከተባለ ሞተር አስነሥቶ የሚያዞር ሰው ይገኛል።

ስለ ክንዶቹ ጋደላ ጥቂት ልበል። እንግሊዝኛው «ፒች» የሚለው ለክንዱ መጋደል ማዕዘንም፣ ውልብልቢቱ ባንድ ዙር ወደ ፊት ሊሄድ ለሚገባው ርቀትም ነው። ፈረንሳይኛውና ጣልያንኛው ለርቀቱ «እርምጃ» የሚል ቃል አላቸው፤ እኛም ይህን ብንከተል ማዕዘኑን «ጋደላ»፣ ርቀቱን «እርምጃ» ብለን ከእንግሊዝኛው የጠራ አገላለጽ እናገኛለን። በአንድ ውልብልቢት ላይ 72 በ42 ተብሎ ቢጻፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 72 ኢንች፣ እርምጃው 42 ኢንች ነው ማለት ነው፤ በሜትር 1.83 እና 1.07። አየሩ ስለሚያንሸራትት በእውነቱ የሚሄደው ከዚህ ያነሰ ነው። የሁለቱ ክንድ ጋደላ ካልተስማማ፣ ሚዛኑና ዱካው ትክክል ቢሆንም አንዱ ክንድ ከሌላው ይልቅ አየር ይገፋልና ንዝረቱ አይቀርም። ተርጓሚው ይህን «የድምፅ ከፍታ» ብሎት ነበር፤ መዝገበ ቃላቱ የመጀመሪያ አድርጎ የሰጠው የሙዚቃውን ፍቺ ስለ ነበረ አልፈርድበትም።

የመጨረሻው «አስተካክል» ስለ ብሎን ነው። እዚህ ላይ ምንም አዲስ ቃል አያሻም፤ «አጥብቅ» አለ። የጎደለው መጠኑ ነው። ብረትን በሚችሉት ሁሉ ማጥበቅ የለመደ እጅ እንጨትን ይጨፈልቃል። ስለዚህ አምራቹ የሰጠው የማጥበቂያ ኃይል በቁጥር ይጻፍ፤ ብሎኖቹም ፊት ለፊት እያፈራረቁ በጥቂት በጥቂቱ እንደሚጠብቁ ይነገር። እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ በድርቀት ይኮማተራል። በክረምት በ1900 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ በምትገኘው በሐረር የጠበቀ ብሎን፣ ወደ 1200 ሜትር ግድም ወርዶ በድሬዳዋ ሙቀት ከከረመ በኋላ ላልቶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህም ነው የእንጨት ውልብልቢት ያለው አይሮፕላን ሲቆም ክንዶቹ አግድም እንዲሆኑ የሚመከረው። ቀጥ ብሎ ከከረመ እርጥበቱ ወደ ታችኛው ክንድ ወርዶ፣ በጥንቃቄ የተያዘው ሚዛን ይደፋል።

ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካንዴላ የመሳሰሉትን የጣልያንኛ ውርሶች በአዲስ ቃል ልተካ አልሞከርኩም። የጋራዥ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋልና ማን ተጠቅሞ? የአየር ኃይልና የአየር መንገድ ባለሙያ ደግሞ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተማረው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ «ባላንስ» እና «ትራኪንግ» በእርሱ አፍ ይኖራሉ። የጋራዡና የአይሮፕላኑ ሙያ በአንድ የእንጨት ዘንግ ላይ ሲገናኙ ግን፣ ሁለቱን የሚያስማማው በመካከል ያለው አማርኛ ነው።

ተርጓሚው አራቱን ገጽ እንደገና ጽፎ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው አናጢ ዘንድ ሄድን። አሥራ አንዱ «አስተካክል» ወደ አንድ ወርዶ ነበር፤ እርሱም «ወንበርህን አስተካክለህ ተቀመጥ» የሚለው ነው። አናጢው እያዳመጡ፣ በየዓረፍተ ነገሩ ውልብልቢቱን አግድም አደረጉ፣ ቀጥ አድርገው አቆሙ፣ የሚቀለውን ክንድ በኖራ ምልክት አደረጉበት። ቫርኒሹ ሦስት ጊዜ ከተደረበ በኋላ እንጨቱ ባቆሙት ቦታ ቀረ። ሳይገባቸው የቀረው አንድ ቃል ብቻ ነበር። በእምብርቱ ፊት የሚደፋውን ሾጣጣ መሸፈኛ ተርጓሚው «ቆብ» ብሎታል፤ አናጢው «ጉልላት» መባል አለበት ይላሉ። ወጣቱ «ስፒነር» ይላል። እኔ ገና አልወሰንኩም።